ኪታቡን በስልክ ወይስ በማንበቢያ መሣሪያ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለአንባብያን እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁላችንም ቤት የገባ ጉዳይ ነው። ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሒራእ ዋሻ የወረደው የመጀመሪያው ትእዛዝ ስለ ማንበብ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ቀደምት ዑለማዎቻችን አንዲት ኪታብ ለመቅዳት ወራት የሚፈጅ መንገድ በእግራቸው ተጉዘዋል። ዛሬ ግን አንድ ወጣት ብዙ መቶ ኪታብ በኪሱ ይዞ ይዞራል። መጽሐፉ «ሶፍት ኮፒ» ሆኖ በቴሌግራም ይላካል፣ በፍላሽ ይገለበጣል፣ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ታዲያ ኪታቡ እንዲህ በቀላሉ እጃችን ከገባ፣ የምናነበው ለምን አነሰ? ሰው ሁሉ «አለኝ» ይላል፤ «ጨረስኩት» የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የምናነብበት ዕቃ ነው። ኢ-ቡክ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የምናነብባቸው ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ስማርት ስልክ ነው። ሁለተኛው ለንባብ ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ ኢ-ሪደር የሚባል ማንበቢያ ነው። ኪንድልና ኮቦ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። የሁለቱን ልዩነት በሚገባ ብናውቅ ገንዘባችንንም፣ ዓይናችንንም፣ ጊዜያችንንም እናድናለን ኢንሻአላህ።

ፋኖስና ለውሕ

ልዩነታቸውን ለመረዳት የቁርኣን ቤቱን ለውሕ እናስታውስ። ልጁ ከጥቀርሻ በተዘጋጀ ቀለም በእንጨቱ ላይ ይጽፋል። የተጻፈው እንዲቆይ ምንም ነዳጅ አይፈልግም። ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ፊደሉ ይበልጥ ይታያል እንጂ አይጠፋም። ልጁ ሲሐፍዘው ይታጠባል፣ ሌላ ይጻፍበታል። ፋኖስ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚታየው እስከበራ ድረስ ብቻ ነው፤ ጋዙ ሲያልቅ ሁሉም ይጨልማል።

የስልክ ስክሪን እንደ ፋኖሱ ነው። ፊደሉን የምናየው ስክሪኑ ብርሃን ወደ ዓይናችን ስለሚልክ ነው። ምስሉንም አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ያድሰዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ አንድ ሰዓት ብንቆይ እንኳ ባትሪው ሲበላ ይቆያል። ፀሐይ ላይ ስንወጣም ከፀሐይ ጋር መፎካከር ስለማይችል ፊደሉ ይደበዝዛል።

ኢ-ሪደሩ ግን እንደ ለውሑ ነው። በስክሪኑ ውስጥ ውፍረታቸው የፀጉርን ያህል የሆነ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹም ውስጥ የፖዘቲቭ ሙል ያላቸው ነጭ ብናኞችና የኔጌቲቭ ሙል ያላቸው ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው በአንዱ ቦታ ጥቁሩ ወደ ላይ ይመጣል፣ በሌላው ቦታ ነጩ። በዚህ መንገድ ፊደሉ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ብናኞቹ ባሉበት ይቆያሉ። ኃይል የሚያስፈልገው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ነው። የምናየውም እንደ ወረቀት ከውጭ የሚያርፍበትን ብርሃን መልሶ ሲያንጸባርቅ ነው።

ይህን «ኢ-ኢንክ» የተባለ ቀለም የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመ ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ነው። በዚህ ስክሪን የተሠራውን የመጀመሪያውን ማንበቢያ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን ለገበያ አቀረበ። አማዞን ደግሞ የመጀመሪያውን ኪንድል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 በ399 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በጨለማ እንዲነበብ ከፊት ለፊት የሚያርፍ መብራት የተጨመረባቸው እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በሰፊው ወጥተዋል። ዋጋውም ከመጀመሪያው በእጅጉ ወርዷል።

ዓይንና እንቅልፍ

ብዙ ሰው «ስልክ ዓይን ያጠፋል፣ ይህኛው ግን አይጎዳም» ሲል ይሰማል። ነገሩን በሚዛኑ ማየት ያስፈልጋል። በስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምንጨፍንበት ጊዜ ስለሚቀንስ ዓይናችን ይደርቃል፣ ያቃጥላል። የስልክ ፊደል ትንሽ ስለሆነም አስጠግተን እንይዘዋለን፤ ይህም ዓይንን ያደክማል። ኢ-ሪደሩ ሰፋ ያለ፣ ፊደሉንም እንደ ፍላጎታችን የሚያተልቅ በመሆኑ ለዚህ ይሻላል። ፊደል ያነሰባቸው አባቶችና እናቶችም ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ ይቀላቸዋል። ነገር ግን ለሰዓታት ያለ እረፍት አቀርቅሮ ማንበብ በወረቀትም ቢሆን ያደክማል። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ ራቅ ወዳለ ነገር ለ20 ሴኮንድ ያህል መመልከትን ይመክራሉ።

የእንቅልፍ ጉዳይ ከዚህ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት 12 ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት ለ4 ሰዓት ያህል፣ ለተከታታይ 5 ምሽት፣ አንድ ጊዜ ብርሃን በሚያመነጭ ታብሌት፣ ሌላ ጊዜ በታተመ መጽሐፍ እንዲያነቡ ተደረገ። በታብሌቱ ሲያነቡ እንቅልፍ የወሰዳቸው በአማካይ ወደ 10 ደቂቃ ዘግይቶ ነበር። ሰውነታችን ለእንቅልፍ እንዲዘጋጅ የሚያደርገው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞንም ቀንሶ ተገኘ፤ በማግስቱም ለመንቃት ተቸግረዋል። ጥናቱ የተካሄደባቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የታብሌቱም ብርሃን ከፍተኛ ነበር። ቢሆንም ከዒሻእ በኋላ ስልክ ይዞ አልጋ ውስጥ የሚገባ ሰው ለፈጅር ሲነሣ የሚከብደው ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግተውም። መብራቱ የጠፋ ወይም በጣም የቀነሰ ኢ-ሪደር በተራ አምፖል ሲነበብ ከወረቀት ብዙም አይለይም። መብራቱን አብርተን ብናነብበት ግን እርሱም ብርሃን መሆኑን አንርሳ።

ልብ የት ነው ያለው?

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዓይን ይልቅ የሚጎዳው ልብ ነው። ስልክ ገበያ ነው። አንድ ሰው ገበያ መሐል ቁጭ ብሎ ኪታብ ቢከፍት አንዱ ሰላም ይለዋል፣ አንዱ ዕቃ ያሳየዋል፣ አንዱ ሲጣላ ይሰማል። በስልክም ስናነብ መልእክት ይገባል፣ ይጮኻል፣ ፎቶ ብቅ ይላል። «አንዴ ልየው» ብለን እንወጣለን፤ ስንመለስ የት እንደደረስን እንኳ ጠፍቶናል። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የተሠሩት ሰው ብዙ ሰዓት እንዲቆይባቸው ታስቦ ነው፤ ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነውና። ስለዚህ ትግሉ ከራሳችን ስንፍና ጋር ብቻ አይደለም።

ኢ-ሪደሩ በአንጻሩ ድሃ ዕቃ ነው። ቪዲዮ ለማጫወት አይሆንም፣ ገጽ ሲገለጥ እንኳ ብልጭ ብሎ ነው የሚቀየረው፣ ኢንተርኔቱም ቀርፋፋ ነው። ጥቅሙ ግን እዚሁ ድህነቱ ላይ ነው። ከፍተው ከማንበብ በስተቀር ብዙም የሚያደርጉበት ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ወረቀትን አናናንቅ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ፣ ቀደም ሲል የተደረጉ 54 ጥናቶችንና ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ አድርጎ ተመልክቷል። ውጤቱም ሰዎች ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ያነበቡትን በተሻለ ሁኔታ እንደሚረዱ የሚያሳይ ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ዕውቀት ሰጪ ጽሑፎች ላይና ጊዜ ተገድቦ በሚነበብበት ወቅት ነው። በልቦለድና በትረካ ላይ ግን ይህን ያህል አልታየም። እንግዲህ ለፈተና የሚጠና ትምህርትና ኡስታዝ ፊት የሚቀራ ኪታብ ከተቻለ በወረቀት ቢሆን ይመረጣል። ለሰፊ ንባብ ኢ-ሪደሩ ደህና ነው። ስልክ ሦስተኛ ይሆናል።

ፊደላችን ሲከፈት

አንድ ዕቃ ውጭ አገር ስለተወደደ ለእኛ ይሆናል ማለት አይደለም። ሶፍት ኮፒ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና።

የመጀመሪያው ዓይነት «ኢፐብ» የሚባለው ነው። በዚህ የተዘጋጀ መጽሐፍ ጽሑፉ እንደ ውኃ ነው፤ የሚፈስስበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ፊደሉን ብናተልቀው መስመሩ ራሱ ይስተካከላል። ለኢ-ሪደር የሚመቸው ይህ ነው። ሁለተኛው «ፒዲኤፍ» ነው፤ ገጹ እንደታተመ ደርቆ የቀረ ነው። ሦስተኛው የመጽሐፉ ገጽ በካሜራ ወይም በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ የተደረገው ነው። ይህ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነው። በአማርኛ በቴሌግራም የሚዘዋወረው አብዛኛው መጽሐፍ ከዚህ ከሦስተኛው ነው። የተለመደው ኢ-ሪደር ስክሪን 6 ወይም 7 ኢንች ገደማ ስለሆነ የተነሣው ገጽ በላዩ ላይ ጥቅጥቅ ይላል። ለማተለቅ ሲሞከር ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው፤ እርሱም ቀርፋፋ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሆኑት 10 ኢንች ገደማ የሆኑት ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከደህና ስልክ አያንስም።

የፊደል ጉዳይም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙ መጻሕፍት እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ሲጻፉ ቆይተዋል። በእነዚህ በድሮው አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፎንት በሌለበት መሣሪያ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን መሣሪያው የግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ሣጥን ብቻ ያሳያል። በኮቦና አዲስ በሆኑት ኪንድሎች ላይ ፎንት ከኮምፒዩተር መጫን ይቻላል። እንደ አቢሲኒካ ያለውን ፎንት በነፃ ማግኘት ይቻላል። ስልኮቻችን ግን አብዛኞቹ አማርኛውንም ዐረብኛውንም ያለ ችግር ያሳያሉ። በዚህ በኩል ብልጫው የስልክ ነው። ስለዚህ ኢ-ሪደር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ የአማርኛና አንድ ሐረካ ያለው የዐረብኛ ጽሑፍ ከፍቶ ይሞክር።

ቁርኣንን በተመለከተ

በስልክ ቁርኣን መቅራት የተስፋፋ ነገር ሆኗል። ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች በስልክ ውስጥ ያለው የታተመውን ሙስሐፍ ሑክም ሙሉ በሙሉ እንደማይዝ ይናገራሉ፤ የውዱእንና የመሰል ጉዳዮችን ዝርዝር በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። እኛ ከንባብ አኳያ አንድ ነገር እንጠቁማለን። በብዛት የተሠራጨው የመዲና ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው፤ በየገጹ 15 መስመር አለው፣ ገጹም የሚያልቀው አያ ሲያልቅ ነው። ሒፍዝ የሚያደርግ ልጅ አያውን ከነቦታው ነው በልቡ የሚይዘው፤ «በቀኝ ገጽ፣ ከታች» እያለ። ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ በሚለዋወጥ መተግበሪያ ቢሐፍዝ ግን ይህ ቦታ ይጠፋበታል። ስለዚህ ለሒፍዝ የታተመው ሙስሐፍ ይቅደም፤ ካልተገኘም የሙስሐፉን ገጽ እንዳለ የሚያሳየው ይመረጥ።

የኪታቡ ባለቤት ማን ነው?

ከኢንተርኔት ገበያ የተገዛ ኢ-ቡክ መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የምንገዛው የማንበብ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዙት ሰዎች ኪንድል ላይ ከርቀት አጥፍቷል። ምክንያቱ መጽሐፎቹን ያቀረበው ሻጭ መብቱ ስላልነበረው ነው፤ ገንዘቡ ቢመለስም ኩባንያው ኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2019 የኢ-ቡክ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት መነበባቸው ቀርቷል፤ ገንዘብ ግን መልሷል።

በሌላ በኩል እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ደራሲ ወይም ተርጓሚ ዓመታት ደክሞ ያሳተመውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ያለ ፈቃዱ መበተን «ዒልም ማሠራጨት» ይባላልን? መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤ የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ሐቅ እንደሆነ፣ በእርሱም ላይ ወሰን ማለፍ እንደማይፈቀድ ወስኗል። በአገራችንም በ1996 ዓ.ል. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ይህንኑ ይጠብቃል። ይህ ሐቅ ሳይነካ በነፃ የሚገኝ ብዙ መጽሐፍ አለ። ደራሲው ራሱ የለቀቀው አለ፤ የቀደምት ዑለማዎች ኪታቦችም አሉ። ከዚህ ውጭ ያለውን ገዝተን እናንብብ። መጽሐፍ ሻጩ ሱቁን ከዘጋ፣ ተርጓሚው ብዕሩን ካስቀመጠ፣ ነገ የምንበትነውም አይኖርም።

ከአንዲት እህት ለቀረበ ጥያቄ

በባሕረ ሰላጤው አገር ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጠይቃናለች፡- «ልጆቼ ደሴ እናቴ ዘንድ ናቸው። ትልቁ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስልክ ላኪልኝ ይለኛል። ስልክ ያበላሸዋል ብዬ ፈራሁ። ማንበቢያውን ብልክለት ይሻላል ወይ?»

እህታችን ሆይ፣ ላብሽን የምታፈሺበት ገንዘብ ነውና በጥንቃቄ እንመልስልሽ። ልጅሽ የሚፈልገው የትምህርት ቤቱን መማሪያ መጻሕፍት ለማንበብ ከሆነ ማንበቢያው አይጠቅመውም። የመማሪያ መጻሕፍቱ ሶፍት ኮፒ ሥዕልና ሠንጠረዥ የበዛባቸው፣ ባለ ቀለም፣ ሰፊ ገጽ ያላቸው ፒዲኤፎች ናቸው፤ በትንሽ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ አይነበቡም። ለዚህ የሚሻለው እናትሽ ዘንድ ባለው ስልክ ወይም በአንድ ታብሌት እየተቆጣጠሩ ማሳየት፣ ዋና ዋናዎቹን ምዕራፎችም ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ መጠረዝ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ወይም በኢፐብ የተዘጋጀ ሌላ መጽሐፍ በብዛት የሚያነብ ከሆነ ግን ማንበቢያው ይጠቅመዋል። ገና የንባብ ልማድ ያልያዘ ልጅ ደግሞ በዕቃ ምክንያት አንባቢ አይሆንም። በቅድሚያ ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ላኪለት፤ ስትደውዪም «ምን ደረስክ? እስቲ ንገረኝ» በዪው። የእናት ጥያቄ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ለቤታችን የሚሆን

ኢ-ሪደር የሌለው ሰው ቅር አይበለው። ያለውን ስልክ ለንባብ ማስተካከል ይቻላል። መጽሐፉን ቀደም ብሎ አውርዶ፣ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጎ፣ ፊደሉን አተልቆ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሶ ማንበብ ነው። የተወሰነ ወቅት መያዝም ይረዳል፤ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለው ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ ይመቻል። ያረጀ ሁለተኛ ስልክ ያለው ሰው ሲም ካርዱን አውጥቶ፣ ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥፍቶ ለንባብ ብቻ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ያለ ወጪ የተገኘ ማንበቢያ ነው።

ለመግዛት የወሰነ ደግሞ ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ ባትሪው «ለሳምንታት ይቆያል» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በቀን ግማሽ ሰዓት ንባብ ነው። ቢሆንም መብራት በሚጠፋፋበት ቤት ከስልክ እጅግ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ስክሪኑ በቀላሉ ይሰበራል፤ ጠጋኙም እንደ ስልክ በየመንገዱ አይገኝም፤ ስለዚህ ከሽፋን ጋር ይገዛ። ሦስተኛ፣ ለቤቱ በጠቅላላ አንድ ይበቃል፤ በተራ ይነበብበት። ባለቤቱ ሁሉም ሲሆን «ማን ምን አነበበ» የሚል ጨዋታ ይመጣል፤ ከጨዋታውም ልማድ ይወለዳል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ወረቀቱም፣ ማንበቢያውም፣ ስልኩም ዕቃዎች ናቸው፤ የምንጠየቀው ስላሳለፍነው ጊዜና ስላወቅነው ዕውቀት ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ከፍታችሁ ካወረዳችኋቸው ኪታቦች አንዱን ብቻ ምረጡ፤ እርሱን ሳትጨርሱ ሌላ አታውርዱ። አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን፣ ልጆቻችንን ለዓይናችን መርጊያ ያድርግልን። አሚን።